የሮይስ ሳንባ

ሮይስ ሰኞ ጠዋት ሞተ። ኔድራ ለጠበቃዋ አልደወለችም።

የደወለችው ለቨርል ነው። ቨርል የከተማው ቀብር አስፈጻሚ ነው፤ ከሮይስ ጋር አንድ ክፍል ተምሮ፣ አንድ ቡድን ውስጥ ኳስ ተጫውቶ ያደገ። ለወዳጅ የሚደረገውን አደረገ፤ ፈጠነ። መኪናውን ራሱ ነድቶ መጣ፣ ራሱ አነሳው፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አስከሬኑ እንዳይበላሽ የሚወጋውን መድኃኒት ወግቶ ጨርሷል። «አንቺ ምንም አታስቢ፣ ሁሉንም ለእኔ ተይው» አላት። ተወችለት።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው አስከሬን በሚሰናበትበት በቨርል ቤት፣ ትልቁ ክፍል ውስጥ፣ ሳጥኑ አጠገብ ቆማ እጅ ትጨብጣለች። ሳጥኑ ክፍት ነው። ሰልፉ እስከ ውጭው በር ይደርሳል። ገበሬው፣ አስተማሪው፣ ሮይስ በትምህርት ቤት አውቶብስ ያመላለሳቸው ልጆች ራሳቸው ልጅ አቅፈው። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፤ አረፈ። የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ደግሞ «ቢያንስ አሁን እንደልቡ ይተነፍሳል» አለች። ያለችው ነገር ሲገባት ፊቷ ቲማቲም መስሎ ወደ ቡናው ሄደች።

አማቷ አርቬላ ወንበር አስመጥተው ራስጌው ተቀምጠዋል። እጃቸውን ከልጃቸው እጅ ላይ አላነሱም። ለመጣው ሁሉ «እዩት እስቲ፣ ምን ጎደለው?» ይላሉ። ምንም አልጎደለውም። ቨርል ሥራውን ያውቃል።

ሎኒ ከሚስቱ ከግሌንዳ ጋር ገባ። ግሌንዳ ኔድራን በአንድ እጅ አቀፈችና የያዘችውን የድንች ትሪ ይዛ ወደ ኩሽና አለፈች። ሎኒ ቀጥታ ወደ ሳጥኑ ሄደ።

«ሰነፍ!» አለው ሮይስን ጎንበስ ብሎ። «ለምሳ ሰልፍ ሁሌ እንደቀደምከኝ ነው። አሁንም ቀደምከኝ።»

አርቬላ ሳቁ። ሌላ ሰው ቢለው ያባርሩት ነበር።

ሎኒ ኦክስጅኑን በትንሽ ጋሪ ነው የሚጎትተው። ከሮይስ ጋር ኢራቅ አንድ የጥበቃ ማማ ላይ ቆሟል። ከኋላው ሌሎቹ አምስቱ መጡ፣ የዚያው ጓድ ሰዎች። ነገ ሳጥኑን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ቨርል ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ መቃብሩ ዳገት ላይ ስለሆነ ጎማ ያለው መግፊያ እንዳለው ነገራቸው።

«ጎማ?» አለ ሎኒ። «ሮይስን እንደ ሱፐርማርኬት ጋሪ ልንገፋው?»

«ለእናንተ ብዬ ነው።»

«እንሸከመዋለን።»

«ሎኒ፣ አንተ እኮ ከመኪናህ እስከዚህ ስትመጣ መሀል መንገድ ላይ ቆመሃል። በመስኮት አይቼሃለሁ።»

«አገሩን እያየሁ ነው።»

«የመኪና ማቆሚያውን?»

ሰዎቹ ሊስቁ ጀመሩና ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። ስድስት ሰው አንድ ላይ ሲስል ክፍሉ ጸጥ አለ። ሰልፉ ላይ ያለው ሁሉ ጫማውን አየ። እነሱ ደግሞ የሰረቁ ይመስል ጀርባቸውን ሰጥተው አፋቸውን በመሀረብ ያዙ።

ሎኒ ሲሻለው ወደ ኔድራ ዞረ። «ጠበቃችንስ፣ ጁዲት፣ መጣች?»

«ገና።»

«ደውለሽላታል አይደል?»

ኔድራ የሚቀጥለውን ሰው እጅ ጨበጠች።

ሮይስ ዝም የሚል ሰው ነበር። አውቶብስ ይነዳል፣ በወር አንዴ ከተጠባባቂው ጦር፣ ከብሔራዊ ዘቡ ጋር ይሰለጥናል፣ ቅዳሜ ዓሣ ያጠምዳል። እራት ላይ «ጨው» ይላል። ጨው ስታቀብለው «አመሰግናለሁ» ይላል። ትዳሩ ይኸው ነበር፤ ጨውና ምስጋና። የዘቡን ጊዜ ጨርሶ ነጻ ሆኖ ነበር። ከዚያ አንድ ማታ ከሥራ ገብቶ ጃኬቱን ሳያወልቅ «እንደገና ፈረምኩ» አለ። ኢራቅ። ኔድራ ጮኸችበት። ለምን ብላ ግን አልጠየቀችውም።

እዚያ ያስጠበቁት ቆሻሻ ነው። የጦር ሰፈሩን ቆሻሻ ለማስወገድ ከመንግሥት የተዋዋለ ኩባንያ ነበር። የማቃጠያ ምድጃ አቆማለሁ ብሎ ተዋውሎ ጉድጓድ ቆፈረ። ፕላስቲኩን፣ ባትሪውን፣ የመኪናውን ጎማ፣ ከሆስፒታሉ የሚወጣውን ሁሉ እዚያ እየጨመረ፣ የአውሮፕላን ነዳጅ እያርከፈከፈ ሌት ተቀን ያቃጥላል። ሮይስና ሎኒ ጭሱ በሚሄድበት በኩል ማማ ላይ ቆመው ሌባ እንዳይገባ ይጠብቃሉ።

«ቆሻሻ የሚሰርቅ ሰው አለ እንዴ?» አለችው በስልክ።

«የእኛ ቆሻሻ ከሌላው ሰው ንብረት ይሻላል» አለና ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ሳለ። የመጀመሪያው ሳል ያ ነው። በስልክ ነው የሰማችው።

ተመልሶ ሲመጣ ደረጃ ወጥቶ ላይ ሲደርስ ይቀመጣል። ከዚያ መሀል ላይ ይቀመጥ ጀመር። ከዚያ ወላጆች ሾፌሩ ይስላል ብለው አውቶብሱን ተቀበሉት። ከዚያ በጀርባው ተኝቶ መተንፈስ አቃተው፤ ሳሎን ወደኋላ የሚዘረጋው ወንበር ላይ ማደር ጀመረ። ሠራዊቱን መክሰስ አይቻልም፣ ኩባንያውን ግን ይቻላል አሏቸው። ከሰሱ፤ ያ ጓድ ከሞላ ጎደል ሁሉም። የሁሉንም መዝገብ በአንድ ጊዜ ማየት ስለማይቻል ፍርድ ቤቱ አንዱን መረጠ፤ የመጀመሪያው ካሸነፈ ለሌሎቹ መንገድ ይከፍታል፣ ከወደቀ ይዘጋባቸዋል። የተመረጠው የሮይስ ነው። ቀጥሎ የሎኒ።

የኩባንያው መልስ አጭር ነበር፤ ያጨስ ነበር። እውነት ነው፣ በወጣትነቱ ያጨስ ነበር። የሲጋራው ጭስ ነው የጉድጓዱ የሚለው የሚታወቀው ሳንባው ውስጥ የቀረው ዱቄት በማጉያ ሲታይ ነው። በሕይወት እያለ ቁራጭ እንውሰድ ሲሉ ሐኪሙ አይሆንም፣ እጄ ላይ ይቀራል አለ።

ስለዚህ ጁዲት አንድ ቀን ኩሽናቸው ድረስ መጥታ ተቀመጠች። ጠበቃቸው ናት፤ ከኢንዲያናፖሊስ ያን ሁሉ መንገድ ለዚህ ነገር ነድታ።

«ይሄን ስለምል ይቅር በሉኝ» አለች። «የሆነ ነገር ቢፈጠር፣ ከሁሉም በፊት ለእኔ ደውሉልኝ።»

«ከእግዜርም በፊት?» አለ ሮይስ።

«እግዜር ይጠብቃል። ቨርል ግን አይጠብቅም።»

ሮይስ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ደረቱን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «ውሰዱት። እኔን አላገለገለኝም፣ ሎኒን ያገልግለው።» ወደ ኔድራ ዞረና «ለእማዬ ግን እንዳትነግሪ» አላት። ሌላ ነገር አላዘዛትም።

ኔድራ ውሃ ልትጠጣ ወደ ኋላ ሄደች። የቤተክርስቲያን ሴቶች የቨርልን ኩሽና ይዘውታል፤ የአሳማ ሥጋ ሳንዱች ይቆርጣሉ፣ ትልቁን የቡና ማፍያ ይሞላሉ። በሩ ገርበብ ብሏል።

«ለብቻዋ መቆሟ ነው የገረመኝ» አለች ግሌንዳ። «ደረቷን ነፍታ።»

«ግሌንዳ!» አለች ሌላዋ።

«ምን? ቃሏን ስትሰጥ ተራዬን እየጠበቅሁ ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ። ግድግዳው ወረቀት ነው። ባሏ ለዘመቻ ሻንጣ ሲያስር እሷ ቤት ተከራይታ ነበር። ከኤሊስ ጫማ ቤት በላይ ያለችውን።»

«ግን አልሄደችም።»

«ወታደር ጥላ ልትሄድ? እዚህ ከተማ? ማን ሰላም ይላት ነበር? ፈርታ ነው የቆየችው።»

«ስንት ዓመት አስታመመችው እኮ።»

«እሱስ እውነት ነው።» ግሌንዳ አንድ ዳቦ ከፈተች። «እኔ ሎኒን እንደዛ ማስታመሜን እንጃ። ሰናፍጩን አቀብዪኝ።»

ኔድራ ውሃውን ተወችው። በሩ ላይ ቆማ ፊቷ ሲግል ይታወቃታል። ግሌንዳ አልዋሸችባትም። ብትዋሽባት ይሻል ነበር።

የሚስት ክስ የሚባል አለ። ባሏ በሰው ጥፋት ሲታመም እሷም የራሷን ትከሳለች፤ ጓደኝነቱን አጣሁ፣ እገዛውን አጣሁ፣ አልጋውን አጣሁ ብላ። ያጣችው ነገር እንዲገመት ታዲያ መጀመሪያ ምን እንደነበራት ትጠየቃለች። ጁዲት አስቀድማ «የተጠየቅሽውን ብቻ መልሺ፣ አትጨምሪ» ብላት ነበር።

ቃሏን የሰጠችው ከችሎቱ በፊት፣ ጠበቆች ቢሮ ውስጥ ነው። የኩባንያው ጠበቃ ወጣት ነው፣ ጨዋ። ውሃ ራሱ ቀዳላት።

«ባለቤትዎ ከመዝመታቸው በፊት አንድ መኝታ ቤት ነበር የምታድሩት?»

«አይ።»

«ከጫማ ቤቱ በላይ ያለውን ቤት የተከራዩት ለማን ነበር?»

ጁዲት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እሷም አታውቅም ነበር።

«ለራሴ።»

«ለብቻዎ?»

«ለብቻዬ።»

«ታዲያ ምን አጡ፣ ወይዘሮ?»

ጁዲት ተቃወመች። ወጣቱ ጥያቄውን ሰርዣለሁ አለ። መሰረዙ ምን ይጠቅማል፣ ተጠይቋል። ሮይስ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጦ ምንጣፉን ያይ ነበር። ስለኋላው ማንም አልጠየቃትም። ከወንበሩ አጠገብ ሶፋ ላይ ማደሯን፣ ትንፋሹ ሲቆራረጥ አብራው ትንፋሿን መያዟን። ቢጠይቋትስ ምን ትላለች? ፈርታ የቆየች ሴትና ወዳ የቆየች ሴት ሥራቸው አንድ ነው። ሁለቱም መድኃኒት ይሰጣሉ፣ ሁለቱም ትራስ ያስተካክላሉ። እሷ ራሷ መለየቱን ከተወች ቆይታለች።

ወደ ቤት ስትነዳ ሮይስ በመስኮቱ ውጭውን ያይ ነበር። ከዚያ «ኤሊስ ያንን ጣሪያ አሳድሶት ይሆን?» አለ። «ያፈስ ነበር።» በማግስቱ እራት ላይ «ጨው» አለ።

ሰኞ ጠዋት ስልኩን ስታነሳ ያሰበችው ይሄንን ነው። እሱ ከሞተ ክሱ የእሷ ነው የሚሆነው። ሕዝብ በሞላበት ችሎት ተቀምጣ ምን አጣሽ ትባላለች። ካልደወለች ግን ሳንባው አፈር ይገባል፣ ጥያቄውም አብሮት ይገባል። የቨርልን ቁጥር ጫነች።

ወደ ሳጥኑ ስትመለስ አንዲት ልጅ ያቀፈች ወጣት እየጠበቀቻት ነበር።

«አያውቁኝም» አለች ወጣቷ። «የሮይስ አውቶብስ ላይ ነበርኩ። በጣም ነበር የሚያስቀን። በተለይ ሲዘፍን።»

«ሮይስ?»

«በየጠዋቱ! የምንወርድበትን ቤት ሁሉ ስም እያስገባ። ለእርስዎ አይዘፍንም ነበር?»

«ይዘፍን ነበር እንጂ» አለች ኔድራ። አንድም ቀን ሰምታው አታውቅም።

ከወጣቷ ኋላ የቆመችው ጁዲት ናት። እንደማንኛውም ሰው ተራዋን ጠብቃለች፣ ኮቷን ዝናብ አርሶታል። እጇን ዘረጋች።

«ጋዜጣ ላይ ነው ያየሁት» አለች።

«ስልኬ... ነገሩ ሁሉ...»

«ግድ የለም።»

ግድ የለም ማለቷ ነው ኔድራን ያቃጠላት። ብትቆጣት ትችለው ነበር። ወደ ኮት መስቀያው ክፍል ገብተው በሩን ዘጉ።

«አሁንም ይቻላል» አለች ጁዲት። «አስከሬን የምትመረምረውን ሐኪም ጠይቄአለሁ። ቨርል መድኃኒቱን ቢሰጠውም ሳንባው ያሳያል። ዛሬ ማታ ኢንዲያናፖሊስ ከገባ ነገ ቀን ይመለሳል፤ ቀብሩ ጥቂት ሰዓት ይገፋል እንጂ አይቀርም። ከተቀበረ በኋላ ማስወጣት ግን ሌላ ዳኛ ነው፣ ሌላ ክርክር ነው፣ ዓመት ይፈጃል። ሎኒ ያን ያህል ጊዜ የለውም።»

«እኔ ካልፈቀድኩስ?»

«ሌላ ማንም መፍቀድ አይችልም። ሚስቱ አንቺ ነሽ።»

«የተከራየኋትን ቤት ይጠይቁኛል።»

«የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ነው የሚሆነው።»

«ዋሺኝ እንጂ፣ ጁዲት።»

«ሌላ ቀን እዋሽሻለሁ። ዛሬ ጊዜ የለኝም።»

«እምቢ ብል ትጠዪኛለሽ?»

ጁዲት አሰበች። «አልጠላሽም። ሳንዱቼን በልቼ እሄዳለሁ።» የበሩን እጀታ ያዘችና «ትንሽ እጠላሻለሁ» አለች።

ኔድራ በኋላው በር ወጣች። ሎኒ በረንዳው ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ሲሊንደሩ በጉልበቶቹ መሀል። ዝናቡ ከጣሪያው ይንጠባጠባል።

«ጁዲትን አየኋት» አለ ዞር ሳይል። «ለእኔ ብለሽ እንዳታስከፍቺው፣ ኔዲ።»

«ሎኒ...»

«የምሬን ነው። ሰው እንዴት ጓደኛዬን ቆርጣችሁ እዩልኝ ይላል? ግሌንዳ ሂድ ጠይቃት ብላ ገፍታ ሰደደችኝ። እኔ እዚህ መጥቼ ተደበቅሁ።» ተነፈሰ። «ትልቅ ሰው ከሚስቱ ተደብቆ።»

«ሰኞ አልደወልኩላትም» አለች ኔድራ። «ረስቼ አይደለም። ሆን ብዬ ነው።»

ሎኒ አሁን ዞረ። አልተቆጣም። ፊቱ ላይ ቁጣ ፈልጋ አጣች።

«ስለተከራየሻት ቤት ነው?»

«ከተማው ሁሉ በሐሜት ይበላኛል፣ እሱን ለምጄዋለሁ። እሱ ፊት ግን... እዚያ ጠረጴዛ ላይ፣ ከማያውቀው ሰው አፍ ነው የሰማው፤ ያንን እንደገና...»

«ያኔ አይደለም የሰማው።»

«ምን?»

«ኤሊስ ነግሮታል። ኢራቅ ሊሄድ ከመፈረሙ በፊት።» ሎኒ ቱቦውን አፍንጫው ላይ አስተካከለ። «ኤሊስን ታውቂው የለ፣ ምላሱ ቤት የለውም። 'ሚስትህ ላይኛውን ክፍል ወስዳለች፣ ጣሪያው ስለሚያፈስ መጥተህ ብታይላት' አለው። አስቢው እንግዲህ። ለባልየው።»

ኔድራ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ማማው ላይ ነው የነገረኝ» አለ ሎኒ። «'አንድ ዓመት ከጠፋሁላት ሳንጨቃጨቅ ዕቃዋን ታወጣለች፣ እኔም ስትወጣ ቆሜ አላያትም' አለኝ። ለዚያ ነው የፈረመው። ከሞኝነቱ ሁሉ ይሄኛው ይብሳል አልኩት። 'ጣሪያውን ጠግኜላታለሁ' አለኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አስምሎኛል።» ሲሊንደሩ ሽስ፣ ሽስ ይላል። «ደግሞስ ስንመለስ አልሄድሽም ነበር። ምን ልልሽ ነው? ለምን አልሄድሽም ልልሽ ነው?»

ኔድራ ዝናቡን አየች። ጉድጓዱን የቆፈረው ኩባንያው ነው። ባሏን ወደዚያ የገፋችው ግን እሷ ናት፣ እሱ ደግሞ ቀድሞ ጣሪያ ጠግኖላታል። ይሄንን የሚጠይቃት ጠበቃ የለም። ካልተጠየቀች ደግሞ አትናገርም፤ ዕድሜዋን እንደዚያ ነው የኖረችው።

«ሲዘፍን ሰምተኸው ታውቃለህ?» አለችው።

«ሮይስን? ማማው ላይ አፉን አይዘጋም ነበር። ድምፁ የአህያ ነው።»

ተነስታ ገባች።

ቨርል በሩ አጠገብ ሰልፉን እያስተናገደ ነበር። ሹክ ልትለው ትችል ነበር፤ አላለችውም።

«ቨርል፣ መኪናውን አዘጋጅ። ሮይስ ኢንዲያናፖሊስ ይሄዳል። ዛሬ።»

ሰልፉ ቆመ። አርቬላ ቀና አሉ።

«የት ነው የሚሄደው?»

«ሐኪም ዘንድ ነው፣ እማ። ሳንባውን ሊያዩት።»

«ልጄን ሊሰነጥቁት?»

«አዎ።»

«እስቲ እዪው!» እጃቸው የልጃቸው እጅ ላይ ጠበቀ። «ምን ጎደለው? ሙሉ አድርጌ ወለድኩት፣ ሙሉ አድርጌ እቀብረዋለሁ።»

«ራሱ ነው ውሰዱት ያለው።»

«ለእኔ አላለም።»

«እርስዎን አፍሮ ነው።»

«እሱ አፍሮ!» አርቬላ ድምፃቸው ከፍ አለ። «ደንቆሮ መሰልኩሽ? እኔም እሰማለሁ። በሕይወት እያለ ጥለሽው ልትሄጂ ነበር። አሁን ደግሞ ሆዱን ልታስቀድጂው?»

የፖስታ ቤቷ ሴትዮ የወረቀት ኩባያዋን እንደያዘች ቀረች። ግሌንዳ በኩሽናው በር ብቅ ብላለች፣ እጇ ላይ ሰናፍጭ አለ። አምስቱ ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ሎኒ ከኋላ ገብቷል፤ ጋሪው የበሩ ደፍ ላይ ተሰንቅሮ ሲያንገራግጭ ተሰማ።

«አዎ» አለች ኔድራ። «ልሄድ ነበር። ቤት ተከራይቼ ነበር። እሱም ያውቅ ነበር፤ የዘመተው ለዚያ ነው፣ ስወጣ ላለማየት።» የሚያያት ሁሉ ይታያታል፣ ሰልፉ እስከ በሩ። «ፍርድ ቤት ሲጠይቁኝም ይሄንኑ ነው የምለው። ባይጠይቁኝም እላለሁ። አሁን እጅዎን ያንሱልኝ፣ እማ።»

«አላነሳም።»

ቨርል መሀላቸው ገባ። እጆቹን አጣምሮ፣ ሰው ሲያጽናና በሚጠቀምበት ድምፅ ተናገረ።

«ሰዉ ይውጣልንና የቀረውን እኔ እጨርሳለሁ። ልብሱን ማውለቅ አያስቸግርም፤ ኮቱ ከኋላ የተቀደደ ነው። ቀብር አስፈጻሚዎች ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናለብሰው። ከፊት ሳብ ሲያደርጉት ይመጣል።»

«ቀደድከው?» አሉ አርቬላ። «ኮቱን ቀደድከው?»

ደንግጠው ከትከሻው በታች ሊያዩ ሲጎነበሱ እጃቸው ተነሳ።

ኔድራ ሳጥኑን ዞራ በዚያኛው በኩል ቆመች። ጎንበስ አለችና የሮይስን ኮት የላይኛውን ቁልፍ ፈታች። ቁልፉ አዲስ ነው፣ ቀዳዳው ጠባብ ነው፤ ጣቷ ታገለ።

«አያስፈልግም እኮ፣ ኔድራ» አለ ቨርል በቀስታ።

ሁለተኛውን ፈታች።